የስድስት ሰዓት ዕድሜ

ወገግ እንዳለ ነርሷ የክትባት ሳጥኑን በጀርባዋ አዝላ ከጤና ጣቢያው ወጣች። የመብራት መስመሩ በጦርነቱ ከተበጠሰ ወር ሞልቶታል፤ በጄኔሬተር ሲያነክስ የከረመው ማቀዝቀዣም ትናንት ጨርሶ ዝም ብሏል። የተረፋት አሥር ብልቃጥ የኩፍኝ ክትባት ነው። ከሸለቆው ማዶ ባለው መንደር ኩፍኝ ገብቶ አምስት ሕፃናት ተቀብረዋል። የእህቷ የሁለት ዓመት ልጅም እዚያው ናት፤ አልተከተበችም። እህቷ ባለፈው የክትባት ዘመቻ ልጇን ጎተራ ውስጥ ደብቃ «የለችም» ብላ ነበር። ጠላት መድኃኒቱ ውስጥ መርዝ ጨምሯል የሚለው ወሬ ከጥይት ቀድሞ ነው እዚያ የደረሰው።

መንገድ የሚመራት አንድ ሽማግሌ በቅሎ ነጂ ነው፤ እግሩ ቢደክም እንኳ አፉ ሥራ አይፈታም።

«እኔንም አንዴ ብትወጊኝ ምን አለበት?»

«አባባ፣ የእርስዎን ቆዳ የሚበሳ መርፌ ገና አልተሠራም!»

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። ከላይ ዘንቦ ውሃው ደፍርሷል። ሳጥኑን አናቷ ላይ አድርጋ ገባች፤ ከጉልበቷ ወገቧ፣ ከወገቧ ደረቷ ደረሰ። መሃል ላይ የአዞ ጅራት ውሃውን ገረፈው።

«ሩጪ ልጄ! ወደ ኋላ አትዪ!»

ማዶ ወጥታ ስትዞር በቅሎዋ ከነስንቃቸው የለችም። ሽማግሌው ከኋላዋ ወጥቶ የተበጠሰ ልጓም ይዞ ቆሟል። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

አራት ሰዓት ላይ፣ ገደሉ ሥር፣ ታጣቂዎች ከበቧቸው።

«ምንድን ነው የተሸከምሽው?» አለ አዛዡ።

«የልጆች ክትባት ነው፣ ወንድሜ።»

«ልጆቻችንን የምታመክኑበት ነዋ! እስቲ ራስሽ ተወጊው።»

የአንዱን ብልቃጥ ዱቄት በማሟሟያው ውሃ በጥብጣ ክንዷን ወጋች። እስክትወድቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቋት። እሷን ያስፈራት ጠመንጃው ሳይሆን የእጅ ሰዓቷ ነበር። የተበጠበጠ ክትባት ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጀርም ይራባበትና ልጅ ሊገድል ይችላል።

አልወደቀችም። አዛዡ የተከፈተውን ብልቃጥ አንስቶ አየው።

«ይቺ ንጹሕ ናት፤ በዓይናችን አይተናል። የቀሩትን ግን አላየናቸውም» አለና ዘጠኙን በሰደፍ አደቀቃቸው።

«ሁሉም እኮ አንድ ነው!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው አፏን በመዳፉ ከደነው። አዛዡ ቸርነት የሠራ መስሎት ፈጣን ታጣቂ መርጦ፣ እናቶቹ ያቺን ብልቃጥ እንዳይፈሩ እንዲነግር ወደ መንደሩ ላከ።

ሽቅብ ወጡ። ዝናቡ መንገዱን ንዶት ስለነበር በቋጥኝ ላይ እየተንፏቀቁ ዞሩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ገና ገደሉን አልጨረሱም። እሷ ግን መውጣቷን አላቆመችም፤ ለምን እንደሆነ ራሷንም አልጠየቀችም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ መንደሩ ሲገቡ እናቶች በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመችው ልጇን የታቀፈችው እህቷ ናት።

«ታጣቂው ምሎ ነገረን። እንኳን መጣሽልኝ እህቴ፤ ውጊያት።»

ለስንት ዓመት የለመነችው ቃል ነው። መርፌውን ሞላች፤ የልጅቱንም ክንድ ያዘች። የእጅ ሰዓቷን አየች። ከዚያ መርፌውንም ብልቃጡንም መሬት ላይ አፈሰሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰዓቱ አልፏል። ጠዋት መድኃኒት ነበር፤ አሁን ልጅሽን ሊገድላት ይችላል።»

«አላልኳችሁም? መርዝ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሰልፉ ተበተነ። አንድ ድንጋይ መጥቶ ሳጥኑን መታው። ነርሷ ቀና ብላ ማን እንደወረወረው አልፈለገችም። እስከ ዛሬ እነዚህን ሰዎች በልቧ ስትንቃቸው ኖራለች፤ አሁን ግን የሚፈሩትን ነገር ራሷ ልትሆን ምንም አልቀራትም ነበር። አፈረች።

እህቷ ብቻ አልሄደችም።

«ብትወጊያት ማንም አያውቅብሽም ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሌላ ይዘሽ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«አራት ቀን።»

«ከዛሬ ጀምሮ አምንሻለሁ፤ እጠብቅሻለሁ» አለች እህቷ። ከዚያ መዳፏን በልጅቱ ግንባር ላይ አሳረፈች።

«ምነው?» አለች ነርሷ።

«ከጠዋት ጀምሮ ትንሽ ያተኩሳታል።»