አንድ በአንድ ሩጡ

ይህን ፈጥሬ አልጻፍኩትም። ለማላውቃችሁ ሰዎች መዋሸት ከፈጣሪዬ ያጣላኛል። ዓይኔ ያየውን፣ ጆሮዬ የሰማውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ረቡዕ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ።

የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ይዤ የሩጫ ጫማ ብቻ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ልጁን ቤት ውስጥ «ቅናሽ» ነው የምንለው። ዋጋው ወረደ ከተባለ የማይቆጥር ሰዓትም ይገዛል። ገዝቶም ይኮራል።

ከአስር ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ እሳት አደጋ ለመቀጠር የሩጫ ፈተና አለው። ሁለቴ ወድቋል። ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በኋላ አይቀበሉትም።

ሻጯ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እግር በማስመሪያ አይለኩም። ደንበኛው በአሮጌ ጫማው ኮሪደሩን ይሮጣል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ።

ቅናሽ ሮጠ።

«ግራህን ትጎትታለህ» አሉት ሳይዞሩ። አንድ ካርቶን አወረዱ። «ይኼ ይሁንህ።»

ለካው። ልክክ አለ።

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የካርቶኑን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ እዚያው ፊታቸው ኦንላይን አዘዘው!

«እማማ፣ በጆሮ ጫማ መሸጥ ቀርቷል» አላቸው እየሳቀ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያዘዝከውን ካንተ በፊት ማን እንደለካው ታውቃለህ?» አሉት።

«ማን ይለካዋል? አዲስ እኮ ነው!»

ማክሰኞ እቃው ደረሰ። የላኪ ስም የለውም።

የጫማው ማሰሪያ ታስሮ ነበር... በድርብ ቋጠሮ።

እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የአምስት ጣቶች ጉድጓድ አለ።

ይሞቃል።

«መልሰው» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! በግማሽ ዋጋ እኮ ነው።» ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ያረጀ ምንጣፍ የሚያይ ነው የሚመስለው።

ሐሙስ ጠዋት የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲለማመድ ግድግዳ ተደግፌ አዳመጥኩ።

ኮቴው የሁለት ሰው ነው።

አንዱ ግራውን ይጎትታል። ሌላው... አይጎትትም።

ዘወር አልኩ። ቅናሽ ብቻውን ነው።

ዓርብ ለምኜ ወደ ሱቁ ወሰድኩት። «እስቲ ልሳቅ» ብሎ መጣ። ሻጯ ጀርባቸውን ሰጡ። ሮጠ።

«ቁሙ!» አሉ። «ሁለታችሁ አንድ ላይ ስትሮጡ እንዴት ልስማ? አንድ በአንድ ሩጡ።»

እኔ ወንበር ላይ ነኝ። እግሬ አልተነቃነቀም።

ዞሩ። ቅናሽን አዩት። ከኋላው ያለውን ባዶ ኮሪደር አዩ...

«አውልቀው፣ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «የኔን በነፃ ውሰድ።»

በነፃ! ቅናሽ ነፃ ነገር እምቢ ሲል በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ንቀቱ ከስስቱ በለጠ።

«ገበያ ሲጠፋ ማሟረት ተጀመረ?» ብሏቸው ወጣ።

ቅዳሜ። ጠዋት ሦስት ሰዓት። የፈተናው ሜዳ።

ተፈታኞች በየተራ፣ ብቻ ብቻቸውን ነው የሚሮጡት። ስድስት ዙር። የሱ ተራ ደረሰ። እኔ በልቤ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

እንዲህ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ግራው አልተጎተተም።

ስድስተኛውን ዙር ጨርሶ አጠገቤ ዘጭ አለ። ጫማውን አውልቆ ወረወረው።

«ሂድና ለዚያች አሮጊት ንገራት!» አለኝ። ከዚያ ወደ ፈታኙ ዞሮ «በስንት ደቂቃ ገባሁ?» አለው።

ፈታኙ አላየውም። ዓይኑ መታጠፊያው ላይ ነው። የሰዓቱን ቁልፍ ገና አልተጫነም።

«ጨረስኩ እኮ!»

«አልጨረስክም» አለ ፈታኙ ዓይኑን ሳይነቅል። «ገና እየመጣህ ነው።»

ባዶው መታጠፊያ ላይ አቧራ ቡን ይላል... አንዴ በቀኝ... አንዴ በግራ...

ቅናሽ አጠገቤ በባዶ እግሩ ተቀምጧል።

ትንፋሹ ግን እየፈጠነ ነው።