የተቆረጡት አራት ደቂቃዎች

ከጨው ሜዳው ሥር በተቆፈረችው ከተማ፣ የተፋታ ሰው አዲስ ትውውቅ ሲጀምር ከቀድሞ ትዳሩ ሰባት ደቂቃ ያሳያል። ደንቡ አጭር ነው፤ ምስሉ ከግድግዳ ዓይን፣ ማለትም በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው መቅረጫ፣ መወሰድ አለበት። የትኛው ሰባት ደቂቃ እንደሚታይ የሚመርጠው ግን ባለታሪኩ ራሱ ነው።

ፊልም ወዳዱ ይሁኔ የዘጠኝ ዓመት ትዳሩን ምስል ወደ ሰባት ደቂቃ ለመቁረጥ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ጥሩ ትዕይንት ያለ ድምፅም ይታወቃል ባይ ስለሆነ፣ ድምፁን ዘግቶ ሠራ። ሰው የማይንቀሳቀስበትን ሁሉ አሰልቺ ነው ብሎ ጣለ።

ለትውውቅ የቀጠራት ትርሲት ጭማቂ ቤቱ ስትደርስ ይሁኔ ወንበሯን ለሦስተኛ ጊዜ እያዞረ ነበር።

"እርስዎ በዚህ በኩል ቢቀመጡ ብርሃኑ..."

"አንቺ በለኝ፤ አክስትህ አይደለሁም። ደግሞ ልትቀርጸኝ ነው እንዴ?"

ሳቀ። ግንባሩ በላብ ርሷል። ሁለት ዓመት ብቻውን እራት በልቷል፤ ዛሬ ከእሷ የሚፈልገው "እንደገና እንገናኝ" የሚል ቃል ብቻ ነው።

"ለምን ተፋታችሁ?"

"ብርቅነሽ ፅንሱ መሞቱን ደበቀችኝ። ከወር በኋላ ከሐኪሟ ሰማሁ። ይቅር ማለት አቃተኝ።"

ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አበራ። ማሽኑ ግን ተሳሳተ፤ በተመረጠው ፈንታ ከተጣለው ውስጥ አራት ደቂቃ አወጣ፤ ከነድምፁ።

ይሁኔ ሶፋ ላይ ነው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ፊልም ያያል። ብርቅነሽ ከኋላው ቆማለች።

"ይሁኔ፣ የልጁ ልብ ቆሟል አሉኝ።"

ሶፋው ላይ ያለው ይሁኔ ከት ብሎ ሳቀ። ጠበቀችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና እሱ ሲስቅ አብራው ሳቀች። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

"ነግራሃለች እኮ" አለች ትርሲት።

"ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ የኔ ቅጂ..."

"ተው። እስኪያልቅ እያት።"

አያት። ግድግዳው ስለ ኀዘን የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያን ቀን ግን ጆሮ የሰጣት እሱ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ደቂቃ ብርቅነሽ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። የይሁኔ ጣት፣ እሱ ሳያስበው፣ ምስሉን ወደፊት የሚያሳልፈውን ቁልፍ ተጫነ።

ትርሲት ጭማቂዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

"እኔም ዝም የምል ሰው ነኝ" አለችው።