እብዲት ጆሮዋን የደፈነችበት ቀን

ሬሳዋ መድረኩ መሀል በቆመው የብረት አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግቷል። ጉሮሮዋ ከዳር እስከ ዳር ታርዷል፤ ደሟ አንሶላውን አልፎ ወለሉ ላይ ረግቷል። ፊቷ ነጭ ቀለም ተለስኖ ከዓይኖቿ ሥር ጥቁር እንባ ተሥሎበታል። ቀኝ እጇ ባለ እጀታ ምላጭ ጨብጧል።

ዘፋኟን ሕዝቡ የሚያውቃት «እብዲት» በሚል ስም ነው። በወጣትነቷ ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ሰፈርተኛው ከኋላዋ የሚያንሾካሹከውን ስድብ ራሷ ነጥቃ ማስታወቂያዋ ላይ አስጻፈችው። የሆስፒታል ጋውን ለብሳ፣ ጭንቅላቷን ተላጭታ፣ ባሏ በሚጫወተው ኦርጋን ታጅባ በሽታዋን ስትዘፍነው አዳራሽ ሙሉ ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ አምሳ አለቃው ጉዳዩን በሐሳቡ ዘግቶ ጠበቃት። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ደፍሮ ያላት ግን የለም።

«ራሷን ነው ያጠፋችው፤» አላት። «ድምፅ ይሰማት ነበር አሉ። ይኸው፣ ጆሮዋን በጥጥ ጠቅጥቃዋለች። አላስቀምጥ ሲላት ተገላገለችው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለው?»

«ሁሉም።»

ወንፊት ሁሉም የሚስማማበትን ነገር አትወድም። አጎንብሳ እጅጌዎቿን አየች። ግራው በደም ተነክሯል፤ ደረቷና ጉልበቷም እንዲሁ። ምላጩን የጨበጠው የቀኝ እጇ እጅጌ ግን አሁን ከታጠበ ልብስ አይለይም።

«የገዛ አንገቱን የሚያርድ ሰው መጀመሪያ የሚነከረው የትኛው እጁ ይመስልሃል?» አለችው።

አምሳ አለቃው አንገቱን አከከ። ወንፊት የፍራሹን ጠርዝ ከፍ አደረገች። በራስጌው በኩል ከአልጋው ብረት ላይ የተቦጨቀ ጥቁር ፕላስተር ተንጠልጥሏል። አይታው ፍራሹን መለሰችው።

የሟቿ ታላቅ እህት መልበሻ ክፍል ውስጥ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

«ምላጩ የኔ ነው፤» አለች ሳትጠየቅ። «ጭንቅላቷን የምላጫት እኔ ነኝ። ዛሬም ላጭቻት ምላጩን እዚሁ ትቼ ምሳ ልገዛ ወጣሁ። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ግን እናታችን ደጋግማ እየደወለች ‹በሽታው ተመለሰባት ወይ?› ትለኛለች። የእህቴ ሥራ አስኪያጅ ራሷን አጠፋች ብሎ ነግሯታል። ያስታመመቻት፣ ያዳነቻት እሷ ናት። ምን ልበላት?»

«ተመልሶባት ነበር?»

«ድና ነበር! ሰሞኑን ግን ለልምምድ ያ አልጋ ላይ ስትተኛ አንድ ድምፅ እንደሚመጣባት ነገረችኝ። ‹የጨለማው ንጉሥ ይጠራሻል፣ ነይ› ይላታል። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ሳቀች። ‹ይሄኛው ደግሞ ዘፈኔን ሰምቶ ነው የመጣው› አለችኝ።»

«ምን ማለቷ ነው?»

«የድሮዎቹ ድምፆች እንደዚህ ጌቶች አልነበሩም እኮ! ተራ ነገረኞች ናቸው። ሽንኩርቱን አሳረርሽው፣ ጫማሽ ይሸታል፣ ሲሏት ነበር የሚውሉት። ንጉሡን ለመድረክ ብላ ነው የፈጠረችው። በሽንኩርት ማን ይንቀጠቀጣል?»

«ያኔ ጆሮዋን በጥጥ ትደፍን ነበር?»

«መጀመሪያ ላይ ሞክራው ነበር። ምን ዋጋ አለው? ድምፁ ከውስጥ ነው፤ ሲደፍኑት ይብሳል። ከዚያ ወዲያ ጥጥ የሚባል ነክታ አታውቅም።»

ጆሮዋን የደፈነችው ያልዳነች በሽተኛ ሳትሆን ብልህ ሴት እንደሆነች ወንፊት ገባት።

የእብዲት ባል ከኦርጋኑ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጧል። መስተዋት በቡጢ ሰብሮ ጣቶቹ ይደማሉ።

«ሆስፒታል እያለች አልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ አድር ነበር፤» አለ። «ስለ ሽንኩርት ሲነዘንዟት እኔም አብሬያት እሰድባቸው ነበር። አሁን ጥላኝ የሄደችው በምን በድያት ነው?»

ሬሳዋን ያገኘው የድምፅ ባለሙያው ነው።

«ከምሳ ስመለስ ተኝታ መሰለኝ፤» አለ። «ቀረብ ስል ጫማዬ ደሙ ላይ አዳለጠኝ።»

«ከዕቃህ የጠፋ ነገር አለ?»

«ትንሿ ድምፅ ማጉያዬ። ያለ ሽቦ በስልክ የምትሠራዋ። ከጠፋች ቆየች፤ ስልኬ ግን አሁንም ያውቃታል።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ በኋላ እዚያው በር ላይ ቆሞ አነጋገራት።

«ጥበቧ ሕመሟ ነበር፤» አለ። «ከዳነች ወዲህ የጻፈችውን ሰምተዋል? ስለ ልብስ ማጠብ እኮ ነው! ለልብስ ማጠብ ዘፈን ማን ጥቁር ለብሶ አዳራሽ ይመጣል? ለነገሩ ንጉሡ መልሶ ጠራት። እንደ ዘፈኗ ሞተች።»

«ደስ ያለዎት ይመስላል።»

«አምሮባት ሞተች ማለቴ ነው።»

ወንፊት አራቱንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል።

«ይህች ሴት ራሷን አልገደለችም፤» ብላ ጀመረች። «ቀኝ እጅጌዋ ደም አልነካውም። ጉሮሮዋ ሲቆረጥ ያ እጅ ሌላ ቦታ ነበረ። የት? ፍራሹ ሥር። ብረቱ ላይ የተቦጨቀ ፕላስተር አለ፤ አንድ ዕቃ ተለጥፎ ነበር። ዕቃው ደግሞ የሚያንሾካሹክ ዕቃ ነው።»

ባልዬው ቀና አለ።

«የድሮ ሕመሟ ከውስጥ ስለሚናገር በጥጥ አይቆምም፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ዛሬ ጆሮዋን በጥጥ የደፈነችው ድምፁን ልትፈትነው ነው። ሲደፈን ድምፁ ጠፋ። ከውጭ ነው ማለት ነው! ተንበርክካ ፍራሹ ሥር መፈለግ ጀመረች። ጆሮዋ ተደፍኗልና ከኋላዋ የመጣውን ሰው አልሰማችውም። አርዷት አልጋው ላይ ገለበጣት፣ ምላጩን አስጨበጣት፣ ዕቃውን ነቅሎ ሄደ። ጥጡን ግን ተወው፤ የእብደት ምልክት መሰለው።»

«ማን?» አለ ባሏ። ድምፁ የሰው አይመስልም።

«ሕመሟን ከዘፈን ብቻ የሚያውቅ ሰው። እህቷና አንተ ሽንኩርቱን ታውቃላችሁ፤ የጨለማ ንጉሥ አትልኩባትም። የድምፅ ባለሙያው ደግሞ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እንጀራው ነው፤ ጥጡ ምን እንደሚናገር ገብቶት መጀመሪያ እሱን ይነቅል ነበር። በል ወንድሜ፣ ማጉያህን ጥራት። ገዳዩ ድምፁን ከስልኩ ማቆም እንጂ ዕቃዋን ማጥፋት ያውቅ አይመስለኝም።»

ባለሙያው ስልኩን ነካ። ከዚያ ከተቆለፈው ቢሮ በር ጀርባ የእብዲት ዘፈን ጮኸ።

«ቁልፉን አምጣ፤» አለች ወንፊት። አንቱታው ቀርቷል።

ሥራ አስኪያጁ የብረት መብራት ማቆሚያውን ነቅሎ ወረወረባት። ጎንበስ አለች፤ ብረቱ የአምሳ አለቃውን ግንባር ሰነጠቀው። ሥራ አስኪያጁ ወደ መውጫው ሲሮጥ ባልዬው ዘሎ ወገቡን ያዘውና አብረው ከመድረኩ ወደቁ። በደማ ቡጢው አፉን አፈረሰው፤ ጥርሶቹ ሲረግፉ ተሰማ። ወንፊት ለማስቆም አልቸኮለችም። ሲበቃው ግን ራሷ ወርዳ አላቀቀቻቸውና ካቴናውን አስገባችለት።

«ተራ ሴት ልትሆን ነበር!» አለ ደም እየተፋ። «እኔ ያቆየኋትን ታላቅነት ልትጥለው! ዕቃውን ብታገኘው ለዓለም ትናገር ነበር…»

«ተራ ሴት መሆን ነበር የምትፈልገው!» ብላ ጮኸችበት እህቷ። «ሽንኩርት አሳርራ ማንም ሳይናገራት መብላት ነበር የምትፈልገው፣ አንተ አውሬ!»

በእጇ ያለው ስልክ ጠራ። የጠሪውን ስም ተመለከተች። ለወንፊት አቀበለቻት።

«እናቴ ናት። ጆሮዋ ከብዷል፤ ጮክ ይበሉላት።»

ወንፊት በዘመኗ ብዙ መርዶ አርድታለች፤ ጮኻ ያረዳችው ግን ይህ ብቻ ነው።

«እማማ!» አለች፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። «ሰው ነው የገደላት! ይዘነዋል! በሽታው አልተመለሰባትም! ልጅዎ እስከ መጨረሻዋ ጤነኛ ነበረች!»

«እኔስ ምን አልኳቸው?» አሉ አሮጊቷ ከወዲያ በኩል። «ልጄ ድናለች አላልኳቸውም?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። እህቷ ስልኩን ተቀብላ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አብራቸው አለቀሰች።