በነብሮ ላይ የተሰጠ ድምፅ

«ክቡራን የሕንፃ ዘጠኝ ነዋሪዎች፣ በታላቅ ኀዘን እንደምናሳውቀው፣ አንድ ውሻ አንድ ሰው ነክሷል።»

ግድግዳዎቹ ይህን ከምድር ቤት እስከ ሰማንያኛው ፎቅ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ውኃ ለሦስት ሳምንት የጠፋ ጊዜ እነዚሁ ግድግዳዎች ትንፍሽ አላሉም ነበር።

የተነከሱት የሊፍት ጠጋኙ አቶ ሽብሩ ናቸው። ነካሹ ነብሮ ይባላል፤ የአርባኛው ፎቅ ነዋሪ የአቶ መኩሪያ ውሻ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ንክሻው ከዘሩ የመጣ ከሆነ ውሻው በዚያው ቀን በመርፌ ይገደላል፤ ከአስተዳደጉ ከሆነ ውሻው ይተርፋል፣ ባለቤቱ ግን ዕድሜ ልኩን እንስሳ አያሳድግም። እስከ አምና ድረስ የሚፈርደው የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አስተዳደጉ የተበላሸ አንድም ውሻ አልተገኘም።

ዘንድሮ ከተማው መሣሪያ ላከ፤ መሣሪያውን ይዛ የመጣችው የከተማው ባለሙያ ትርሲት ናት። የመሣሪያው ስም «ዝክረ ሽታ» ነው፤ ውሻ ሲጎዳ በአፍንጫው የያዘውን የሰው ሽታ ከአእምሮው አውጥቶ ማን ምን እንዳደረሰበት ይናገራል። የሕንፃው በሮች ቁልፍ ስለሌላቸውና የሚከፈቱት ነዋሪውን አሽትተው ስለሆነ፣ ሽታው ያልተመዘገበ ሰው የለም።

በአዳራሹ ነብሮ በሰንሰለት ታስሮ ቀርቧል። ሰንሰለቱ የዋለበት አንገቱ ፀጉር የለውም። አቶ መኩሪያ የዘር ምስክር ወረቀቱን ዘርግተው የነብሮ ቅድመ አያት ሳይቀር ተናካሽ እንደነበር አስረዱ፤ እሳቸው ግን እንደ ልጃቸው እንዳሳደጉት ማሉ። ትርሲት ይህን የምትሰማው ሌላም ነገር ሰምታ ነው። ሰውየው ቡችላውን ስድስት ወር ጨለማ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ኃይለኛ እንዲሆንላቸው የሚሰጡትን አጥንት በሚጥሚጣ እያሹ እንዳሳደጉት በሊፍት ውስጥ ሲፎክሩ አቶ ሽብሩ በጆሯቸው ሰምተው ነግረዋታል።

«ስንት ልጆች አሉዎት?» አለቻቸው።

«አራት።»

«ሚጥሚጣ በስንት ወራቸው ጀመሩ?»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ መኩሪያ ደማቸው ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውና ውሻ ለይ እንጂ» አሏት።

የመሣሪያውን ቆብ በነብሮ ራስ ላይ አጠለቀችለት። መሣሪያው አቶ መኩሪያን፣ ሣጥኑንና ሚጥሚጣውን ጠራ። የሳቀው ሁሉ አሁን ከንፈሩን መጠጠ፤ ጭካኔ እንዴት ሰው ልብ ውስጥ እንደሚገባ ተነጋገረ። ትርሲት ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ መሣሪያው ቀጠለ።

«ሠላሳ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ አማከለች፣ የፈላ ውኃ።»

ወይዘሮ አማከለች የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው።

«ሃያ ሁለተኛ ፎቅ፣ ድንጋይ። ልጁ ወረወረ፣ አባቱ ሳቀ።»

አላቆመም። በየፎቁ ወረደ፤ ዱላ፣ ድንጋይ፣ የጫማ ተረከዝ። አንድ ወይም ሁለት ስም እንዲናገር የተሠራ መሣሪያ ስድሳ አንድ ስም ጠራ። ትርሲት የተበላሸ መስሏት አጥፍታ አበራችው። ስድሳ አንዱን በዚያው ቅደም ተከተል ደገማቸው።

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ውሻ ምስክር እንደማይሆን ተናገረ፤ ሌላው ድንጋይ ጨብጦ እንደማያውቅ ማለ። ከንፈር መጣጮቹ አሁን ስለ ዘር ያወሩ ጀመር። ትርሲት መሣሪያው ጤነኛ መሆኑን፣ ተበላሽቷል ካሉት ግን ፍርዱ ወደ ማኅበሩ ተመልሶ ነብሮ ዛሬውኑ እንደሚሞት ነገረቻቸው። የሚያውቁትን ነው የነገረቻቸው።

«እንግዲህ ደንቡ ድምፅ ይሰጥበት ይላል» አሉ ወይዘሮ አማከለች ተረጋግተው። «መሣሪያው ተበላሽቷል የምትሉ፣ እጃችሁን።»

የአዳራሹ እጅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ።

ነብሮ አልጮኸም። ሆዱን ከወለሉ ጋር አጣበቀ፤ ራሱን ከፊት እግሮቹ መሐል ቀበረ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሽንቱ ከሥሩ ቀስ እያለ በወለሉ ላይ ሄደ።

ከኋላ ረድፍ አንድ እጅ ወረደ። ከዚያ ከጎኑ ያለው። ከዚያ የአቶ መኩሪያ።

እጆቹ ሁሉ ወርደው ካለቁም በኋላ ነብሮ ዓይኑን አልገለጠም። ገና ዱላውን ይጠብቅ ነበር።