ይፍታሽ ያልተባሉት

መምህር ናሁሰናይ ያን ቀን ጠዋትም እንደወትሮው ሦስት ሚሊዮን ሰዎችን በየስማቸው እየጠራ ለየብቻ ሰበከ። ራሱ ሰውየው ግን ፊቱንና ድምፁን ለአንድ የቪዲዮ ድርጅት ትቶ ዓሣ ማርባት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። አሁን የሚሰብከው «ምስለ ሰባኪ» ነው፤ በእሱ መልክ የሚናገር፣ የተከታዩን ዐይን እያነበበ ኃጢአት የሚያደምጥና ንስሐ የሚሰጥ መሣሪያ።

ኅሪት የዚሁ መሣሪያ ጠጋኝ ናት። ዛሬ ቤተ ሙከራው የገባችው ግን በንዴት እየነደደች ነው። እናቷ ወይዘሮ ዝናሽ ጎረቤት ማማታቸውን ለምስለ ሰባኪው ተናዘው፣ ከጥሬና ከውሃ በቀር የማይቀመስበት የሰባት ቀን ጾም ታዘዙ፤ ሰባቱ ቀን እየተራዘመ መቶ አርባ ደረሰ። ዛሬ ማለዳ ጓዳ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ሐኪሙ ቢለምናቸው፣ «መምህሩ ይፍታሽ ሳይለኝ ከጥሬ ሌላ እህል አልቀምስም» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

«ብልሽቱን አገኘሽው?» አለ አለቃዋ ተካልኝ።

«ምን ብልሽት አለው? ሁለት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔር ይፍታህ የተባለ አንድ ሰው የለም! አንድ!»

ተካልኝ አልደነገጠም። «የተፈታ ሰው ቪዲዮውን ማየት ይተዋል። መሣሪያው ይህን በራሱ ነው የተማረው፤ እኛ አላዘዝነውም።»

«አልከለከላችሁትምም! እናቴ በረሃብ ልትሞትብኝ ነው እኮ! በሰው ነፍስ እየቀለዳችሁ አላዘዝንም ትለኛለህ? ትንሽ አታፍሩም?»

መልሱን አልጠበቀችም። ሰው የመፍታት ሥልጣን እንደሌላት ታውቃለች፤ መሣሪያውንስ ማን ካህን አደረገው? ትእዛዙን ጻፈች። በሦስት ሚሊዮን ስልኮች ላይ ያ የለመዱት ፊት ብቅ ብሎ፣ ንስሐቸው መፈጸሙን ነገራቸው። ሁሉንም በየስማቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ»፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብሎ ሄደው እንዲበሉ አሰናበታቸው።

ደቂቃ ሳይቆይ መልእክት ይጎርፍ ጀመር። ኅሪት ምስጋና መስሏት ነበር። «ሌላ ንስሐ ይስጡኝ» ይላል አንዱ። «ምን አጥፍቼ ነው የሚያባርሩኝ?» ይላል ሌላው። እንዲህ የሚሉት በሺዎች ነበሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከመካከላቸው የእናቷን አየችና ከፈተችው።

«መምህሬ፣ እንዳሉኝ ሾርባ ቀምሻለሁ። ግን አይተዉኝ፤ ሌላ ጾም ይዘዙብኝ። ልጄ እንደሆነች ሥራ አላት። ነገ ጠዋት ደኅና አደርሽ የሚለኝ ማነው?»