በሰማያዊው መብራት ሥር

ከውጭ ተምሬ ስመለስ በተቀጠርኩበት ቤተ ሙከራ፣ ከጎኔ የሚሠራው ሰው ሰኞ ሰኞ መጋረጃውን ይዘጋል። ባክቴሪያ ያደገበት አንድ ሳህን ሰማያዊው መብራት ሥር ያስቀምጥና፣ ባክቴሪያዎቹ አረንጓዴ ሲያበሩ እያየ ይቆማል።

ሥራ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነገሩኝ፦ ባክቴሪያዎቹን የሠራቻቸው እጮኛው ናት። የሚያበራውን ዘረ መል፣ አንቲባዮቲክን እንዲቋቋሙ ከሚያደርጋቸው ሌላ ዘረ መል ጋር አጣምራ አስገባችባቸው። እሷ ስትሞት እሱ ከሳህን ሳህን እያዛወረ አኖራቸው።

በሞተች ሴት መቅናት ምን ይባላል? እኔ ግን ቀናሁ።

አንድ ሰኞ ጠራኝ።

«ዶክተር፣ ነይ እስቲ። ዓይኔ ነው ወይስ…»

አጎነበስኩ። ትከሻችን ተነካካ፤ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ሳህኑ ጨልሟል። ጥግ ላይ ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ያበራሉ።

«አንቲባዮቲኩን ትጨምርባቸዋለህ አይደል?»

ሳህኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።

«አንተ!»

«መጨረሻዋ ላይ ከመድኃኒት በቀር የምትውጠው አልነበረም» አለ። «እነዚህንም በመድኃኒት ማስጨነቅ አልሆነልኝም።»

የአንደኛ ዓመት ተማሪ የማይሠራው ስህተት ነው። መድኃኒቱ ከሌለ ዘረ መሉ ለባክቴሪያው ሸክም ነው፤ የጣሉት በፍጥነት ይራባሉ፣ የተሸከሙት ይዋጣሉ። ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል።

ምንም ባላደርግ፣ የመጨረሻዋም ነጠብጣብ በቅርቡ ትጠፋለች። እሱም ነጻ ይወጣል። እጄ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መድኃኒት ያለበት ሳህን አንስቼ የሚያበሩትን አዛወርኩበት።

«የሚያበሩት ይተርፋሉ» አልኩት። «ግን በየሳምንቱ አትቀስቅሳቸው። ፍሪዘር ውስጥ ይግቡ። አይሞቱም፤ ይተኛሉ።»

«ታዲያ ሰኞ ሰኞ ምን ልሥራ?»

«እዚህ ቤት ሌላ ሰው የለም እንዴ? ምሳ ጋብዘኛ!»

ሳቀ። ስቆ ሳይጨርስ ዓይኑ ሞላ።

በማግስቱ ሳህኑ ላይ የበቀለው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ባክቴሪያዎቹን የጨመርንባትን ብልቃጥ ራሱ ከደናት፤ የፍሪዘሩን በር ግን እኔ እንድዘጋው ለመነኝ።

ከተጋባን ቆየን። ዛሬም መብራት በጠፋ ቁጥር ወሬውን አቋርጦ ጫማውን ይፈልጋል። ፍሪዘሩ መጠባበቂያ ጀነሬተር እንዳለው ሁለታችንም እናውቃለን። የት ነው ብዬ አልጠይቀውም፤ ሹራቤን ደርቤ እከተለዋለሁ።

ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመን የጀነሬተሩን ድምፅ እንሰማለን። ያኔ እጄን ይይዛል፤ አጥብቆ። የማንን እጅ እንደያዘ ግን እስካሁን ጠይቄው አላውቅም።