ዘይት የጠጣው ወረቀት

«ማነው ይህን የጻፈው?»

የሰፈሩ ጉልቤ የላላን ዱላ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ የማባያው ሳህን ተሰባብሮ ማባያው በሳሞሳ ጠባሹ በሱሌካ አባት ሸሚዝ ላይ ተረጨ። በሌላው እጁ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይዟል፤ ጠዋት ሁለት ሳሞሳ የተጠቀለለለት በዚያ ነበር። ላላን በየቀኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይወስዳል፤ ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከወደቀ ወዲህ አንድ ገጽ አንብቦ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አነበበ።

«‹ሳሞሳ የሚለው ስም ከፋርሶች ሳንቦሳግ የመጣ ነው። ድንቹን የጨመርንበት እኛ ነን›» አለ ፊደል እየለቀመ። «ቁርሳችንም መጤ ሆነ?»

ከኋላው ሦስት ጎረምሶች ፎከሩ። የአንዱን አፍ የሞላው ያው መጤው ሳሞሳ ስለነበር ፉከራው በደንብ አልተሰማም።

ጽሑፉ የሱሌካ የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ አምና ከሃያ አሥራ ስምንት አግኝታበታለች። ማንበብ የማይችለው አባቷ ያለቀውን ደብተር ለመጠቅለያ ገነጣጥሎታል። ከድንች ጆንያው ኋላ ልትነሳ ስትል የአባቷ መዳፍ አፏን ከድኖ ወደ ታች ተጫናት።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ኢርፋን፣ እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሊጥ ያጠፈው ሽማግሌ።

«ድሮም ጠርጥሬህ ነበር፣ አንተ ፂማም! የጻፍክበትን እጅ አምጣ!»

ጋሼ ኢርፋን ግራውን ዘረጋ።

«ሞኝህን ፈልግ!» አለ ላላን።

ቀኙን ጎትተው ሊጥ መዳመጫው ጣውላ ላይ ተጫኑት። ዱላው ወረደ። ድምፁ ትኩስ ሳሞሳ ጥርስ ሥር ሲሰበር ይመስል ነበር። ዳግመኛ ወረደ። ሲወጡ መጥበሻውን ገለበጡት፤ ዘይቱ እየተንጨረጨረ የመንገዱን ቦይ ሞላ።

አባቷ ሲለቃት መዳፉ ላይ የጥርሷ ምልክት ነበር።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ የምትፈርመው በጣትህ ነው!» አለች እያለቀሰች።

«መቼ ጠየቁኝ?» አለ ጋሼ ኢርፋን፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ።

በማግስቱ የጋሼ ኢርፋን በርጩማ ላይ ሱሌካ ተቀመጠች። ያጠፈቻቸው ሳሞሳዎች ማዕዘናቸው ተንጋዷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዘይቱ ሲወጡ አባቷ ወደ ወረቀቱ ክምር እጁን ሰደደ።

«ቆይ፣ አባዬ።»

ከቦርሳዋ አንድ ገጽ አወጣች። ያው ጽሑፍ ነው፤ በንጹሕ ተገልብጧል። ከላይ ሙሉ ስሟና ክፍሏ ሰፍሯል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የኔ ነው።»

ከመንገዱ ጫፍ የላላን ሞተር ሳይክል ተሰማ። ሱሌካ ሁለቱን ሳሞሳ በገጹ ጠቀለለች፤ ስሟ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረቻቸው።